እግርሽን ስጪኝ

ግንቦት 3

ቅዳሜ። ማለዳ አንሶላ አጥቤ አሰጣሁ። ነፋስ ስለነበረ ከቀትር በፊት ደረቀ። ተኮስኩ፣ አጠፍኩ። ጫፍ ከጫፍ ገጠመ። አንሶላ እንዲህ ነው የሚታጠፈው።

ከሰዓት የቤተ ክርስቲያናችን ጠያቂዎች ማኅበር ወጣ። አልጋ የያዘች እናት ቤት ሄድን። አዲሶቹ ልጆች ታማሚ ሳይነሣ አንሶላ መቀየር አልቻሉም፤ ከሴትዮዋ ጋር ይታገላሉ። ወደ ጎን አዙሯት፣ አሮጌውን እስከ ጀርባዋ ጠቅልሉት፣ አዲሱን ከሥሩ አስገቡ፣ መልሳችሁ አዙሯት... ስንት ጊዜ ልንገራቸው? በመጨረሻ እኔው ሠራሁት። የሆስፒታሉ የልብስ ክፍል ኃላፊ ሳለሁ ሠራተኞቹ በሌለሁበት "እትዬ ማዕዘን" ይሉኝ ነበር። የአንሶላው ማዕዘን ካልታጠፈ ስለማላልፋቸው። የማልሰማ ይመስላቸው ነበር።

ሴትዮዋ እጄን ይዛ አለቀሰች። "ውለታሽን በምን እመልሰዋለሁ?" አለች። "ማን መልሺ አለሽ?" አልኳት። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። መስጠት ደስ ይላል።

ሲመሽ የእግሬ ጥፍር ትዝ አለኝ። ቅዳሜ የባለቤቴ ሥራ ነበር። ጎንበስ ማለት እንዳቃተኝ ሳልነግረው አየ። አናጺ አይደል? ለዚሁ ብሎ አጭር በርጩማ ሠራ። ፊቴ ያስቀምጥና ይቀመጥበታል። "እግርሽን ስጪኝ" ይላል። እሰጠዋለሁ። ሌላ ንግግር የለም። ከሞተ ዓመት አለፈው። በርጩማው ጥግ ላይ ነው። ማንም አይቀመጥበትም።

ዛሬ መስተዋት መሬት ላይ አጋድሜ በመቀስ ሞከርኩ። መስተዋት ሁሉን ያገላብጣል። ሥጋውን ሳልነካው አልቀረሁም፤ ደማ። ግን አላመመኝም። ምንም! ተመስገን።

ግንቦት 7

ምራቴ መጣች። ልጄ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ ቤቱን የሚያየው አልፎ አልፎ ነው። እሷ ፀጉር ትሠራለች። ገና ከደጅ ሳለች ድምጿ ጓዳ ይደርሳል። ቦርሳዋን ወንበር ላይ፣ ቁልፏን የዳቦ ሣህን ውስጥ... መጣል ትችልበታለች።

"እማማ፣ ምነው ያነክሳሉ?"

"ጫማው ነው።"

"ሌላ ላምጣልዎት?"

"አለኝ።"

"እሺ ሳህኑን እንኳን ልጠብ።"

"እኔ እጅ የለኝም?"

"እርስዎማ አለዎት። በዚህ ቤት እጅ የሌለኝ እኔ ነኝ" ብላ ሳቀች። ደግሞ አጠበችው። ስትሄድ መልሼ አጠብኩት።

ግንቦት 10

የደማው የእግሬ ጣት ትንሽ ጠቁሯል። ሞቅ ያለ የጨው ውሃ ይጠቅመዋል ብዬ ሳፋ አወጣሁ። ከማንቆርቆሪያው ቀዳሁ፣ ቀዝቃዛ ጨመርኩ፣ እግሬን ነከርኩ። ለብ ያለ መሰለኝ። እንደውም ሙቀቱ አነሰ ብዬ ደገምኩበት። መዝሙሬን አንጎራጉሬ ጨረስኩና እግሬን ሳወጣ... ቀልቷል። እንደ ተቀቀለ። ከሰዓት ውሃ ቋጠረ።

ስኳሩ የጀመረኝ ጊዜ ሐኪሙ ነግሮኝ ነበር። "እግርዎ ሙቀት መለየት እየተወ ነው። የእጅዎም ጣቶች ከካውያው ብዛት ደንዝዘዋል። ውሃ ሲያሞቁ ሌላ ሰው ይንካልዎት።" ሌላ ሰው! ማንን ልጥራ? "ነይና ውሃ ንኪልኝ" ተብሎ የሰው ደጅ ይንኳኳል? መምህራችን በልጅነታችን "እጅ የተሰጣችሁ ለመስጠት ነው፤ የሚዘረጋ እጅ የለማኝ ነው" ትለን ነበር። መዳፍን ወደ ላይ አድርጎ መቆም እንኳን በማስመሪያ ያስመታ ነበር።

ግንቦት 13

ካልሲው ቁስሉ ላይ ተጣብቋል። በውሃ አርሼ አላቀቅሁት። ፋሻ አለኝ። የሌላውን ቁስል ስንት ጊዜ ጠርጌ አሽጌያለሁ፤ የራሴ ያቅተኛል?

ግንቦት 14

ጸሎት ላይ ቆየሁ። አልጋ ለያዘችው እናት፣ መንገድ ላይ ላለው ልጄ፣ ለማኅበሩ። ለራሴ ለምኜ አላውቅም። ለራሴ ማመስገን ብቻ። ጌታም ስንቱን ተሸክሟል... እኔን ይጨምር?

ግንቦት 17

ይህንን መጻፍ አልፈልግም። ግን ሆኗል።

ምራቴ መጣች። በሩን ከፍታ አፍንጫዋን ያዘች። "እማማ፣ ቤት ውስጥ አይጥ ሞቷል!"

"ይሆናል" አልኩ።

ይሆናል! መጥረጊያ አነሣች። አልጋው ሥር ገባች፣ ሻንጣ ጎተተች፣ ቁም ሳጥኑን ብቻዋን ገፋች። ፀጉሯ ሸረሪት ድር ለበሰ። "ይሄ አይጥ መቃብሩን እዚሁ ቆፍሮ ነው እንዴ የሞተው?" እያለች ትቀልዳለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው የሚባለው... እኔ ወንበሬ ላይ እግሬን ከቀሚሴ ሥር ሸሽጌ ተቀምጫለሁ። አይጡን እንደማታገኝ አውቃለሁ። እንድትደክምና ትታው እንድትሄድ እየጠበቅሁ ነው።

በመጨረሻ ወንበሬ ሥር ልታይ ተንበረከከች። ዝም አለች። ያቺ ሴት ዝም ስትል ሰምቼ አላውቅም።

"እማማ" አለች በቀስታ። "አይጥ አይደለም።"

መጥረጊያውን አስቀምጣ ፊቷን በክንዷ ጠረገች። ላቡን ይሁን እንባውን አላውቅም። ከዚያ ስልክ አወጣችና መኪና ጠራች።

ግንቦት 18

ሆስፒታል ነኝ። የኔው ሆስፒታል። ስገባ የልብስ ክፍሉን በር አየሁት፤ ቀለሙን ቀይረውታል።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ፋሻውን ሲፈታ ፊቱን አላኮማተረም፤ የተማረ ነው። "እናቴ፣ ይህን ያህል ለምን ቆዩ?" አለኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር አልኩት። ሥራ...

ሁለት ጣት ይወሰዳል። እግሩ እንዲተርፍ ነው።

አንሶላው ማዕዘኑ አልታጠፈም። ጠቅልለው ከፍራሹ ሥር ጎስጉሰውታል።

ግንቦት 21

ጣቶቹ ሄደዋል። አላየኋቸውም።

ሐኪሙ ጥብቅ ትእዛዝ ሰጠ። ያ እግር መሬት አይነካም። ለማንኛውም ነገር ደወል አለ፤ ትራሴ አጠገብ በገመድ ተንጠልጥሏል። "ውሃ ቢፈልጉ ደወል። መቀመጥ ቢፈልጉ ደወል። ብርድ ልብስ ቢወድቅ ደወል።" እሺ አልኩ።

ከጎኔ ያለችው አትክልት ሻጭ ናት። ዳሌዋ ተሰብሯል። ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ ትለምናለች፤ ማታ ስትጨፍን ትለምናለች። "እስቲ ትራሴን ከፍ! እግዚአብሔር ይስጥሽ። እስቲ ጀርባዬን እከኪልኝ፣ ልጄ... ዝቅ በይ፣ እዛጋ፣ ውይ ተባረኪ!" ጸሎቷም እንደዚያው ነው። ጮክ ብላ፣ ልክ ጎረቤቷን ጨው እንደምትጠይቅ። "ጌታዬ፣ ዛሬ ደግሞ እንቅልፍ ስጠኝ። ትናንት የሰጠኸኝ አጭር ነበር።" ለሱ እንደዚህ ይነገራል?

"አንቺ ለምን ደወሉን አትነኪውም?" አለችኝ። "ይነክሳል?"

ግንቦት 22

ቄሱ ሊጠይቁኝ መጡ። አልጋዬ አጠገብ ቆመው "ስለ ምን እንጸልይልሽ?" አሉኝ። "ከኔ የባሰባቸው አሉ፤ ለነሱ ይጸልዩ" አልኳቸው። ተመለከቱኝ። "ለነሱም እንጸልያለን" አሉ። "አንቺ ግን ምን ትፈልጊያለሽ?" የብርድ ልብሴን ጫፍ አስተካከልኩ። አትክልት ሻጯ ከዚያ ማዶ "እኔን ይጠይቁኝ፣ አባ! እኔ ብዙ እፈልጋለሁ!" አለች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ግንቦት 24

ምራቴ ከሥራ ወጥታ መጣች። ሳሙናና ፎጣ ይዛለች። "ገላዎን ላብስልዎት" አለች። እኔው እሠራዋለሁ አልኳት። ፖፖ ላቅርብልዎት አለች። አልፈለግሁም አልኳት። እውነቱን ለመናገር ከጠዋት ጀምሮ ይዤው ነበር።

ፎጣውን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ከዚያ፦

"እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?"

"ጠይቂ።"

"ቤታችሁ ከገባሁ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳን 'ውሃ አቀብዪኝ' ብለውኝ አያውቁም። የሰው ልጅ አያትን፣ ጎረቤትን፣ መንገደኛን ውሃ ይለምናል። ምንድን ነኝ እኔ? እጄ ይቆሽሻል?"

"ላስቸግርሽ ስላልፈለግሁ ነው።"

"ሰው ዘመዱን ነው የሚያስቸግረው" አለች። "እንግዳን ነው የማያስቸግረው።"

ፎጣውን እግርጌዬ አስቀምጣ ሄደች። አልጋው ላይ ሲያዩት የታጠፈ አይመስልም። አላስተካከልኩትም።

ሰኔ 2

እጄ ዛሬ ነው እርሳስ የያዘው።

ምራቴ ፎጣውን ትታ በሄደች ማግስት፣ ጠዋት ሐኪሞቹ በየአልጋው ሊዞሩ ነው ተባለ። አንሶላዬ ተንሸራቶ ፍራሹ በአንድ ጥግ ተራቁቷል። ስንት ዓመት በዚህ ሆስፒታል ሐኪም ከመግባቱ በፊት አልጋው ሁሉ መስመር እንዲይዝ አድርጌያለሁ! በተራቆተ ፍራሽ ላይ ተኝቼ ልጠብቃቸው? ደወሉ ትራሴ ላይ ነበር። አየሁት። አንድ ማዕዘን ነው፣ ለአንድ ማዕዘን ሰው አይጠራም አልኩ።

ወረድኩ። በደህናው እግሬ የቆምኩ መስሎኝ ነበር። ጎተትኩት፣ በዘዴው አጠፍኩት፣ ከፍራሹ ሥር አስገባሁት። ጥሩ ሆኖ ነበር። እውነት ጥሩ ነበር። ከዚያ ወለሉ ሲረጥብ አየሁ። ውሃ የደፋሁ መሰለኝ። ቀይ ነው። ስፌቱ ተከፍቷል፤ በታመመው እግሬ ኖሯል የቆምኩት። አልተሰማኝማ!

ወደቅሁ። ያኔም አልጮህኩም። የጮኸችልኝ አትክልት ሻጯ ናት። መነሣት የማትችል ሴት፣ በገበያ ድምጿ፦ "ኧረ ድረሱ! ኧረ ሰው አለቀ!"

ቁስሉ መርቅዟል። አጥንት ደርሷል ይላሉ። ዛሬ ሐኪሙ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሐኪም ሲቀመጥ ጥሩ ነገር አይደለም። "እናቴ፣ እግሩን ማትረፍ አልቻልንም" አለኝ። ከጉልበት በታች።

ያጠፍኩት ማዕዘን ደም ነክቶት አንሶላውን ገፈው ወሰዱት።

ሰኔ 4

ነገ ነው።

ለራሴ ልጸልይ ሞከርኩ። ለሌላው ስጸልይ ቃሉ ይጎርፋል። ለራሴ ሲሆን... የሰው ጓዳ ገብታ ጨው የት እንዳለ የማታውቅ ሴት ሆንኩ። "እርዳኝ" አራት ፊደል ናት። ምላሴ ላይ መጥታ ትመለሳለች። ፈራሁ። እውነቱ ይኸው ነው፣ ፈርቻለሁ።

ወደ ጎን ዞሬ "ተኝተሻል?" አልኩ።

"በዚህ ዳሌ?" አለች አትክልት ሻጯ።

"ጸልዪልኝ።"

ትሥቃለች ብዬ ነበር። ከዚያ ጀመረች፦ "ጌታዬ፣ ከጎኔ ያለችውን ሴትዮ ታውቃታለህ። ግትር ናት። ከሰው አትወስድም፤ ካንተም ቢሆን አትወስድም። አንተ ግን እንደሷ ግትር አትሁን። ስጣት።"

አሜን አልኩ። አሜን ማለት መቀበል ነው ለካ። ዕድሜ ልኬን ያልኩት ምን ብዬ ነው?

ሰኔ 6

ተቆረጠ።

ሰኔ 10

የሌለው እግሬ ያቃጥለኛል። በዚያ ሳፋ የተቀቀለው ቦታ፣ እሱው። ሳለ ያልተሰማው አሁን በባዶው ይሰማኛል። ነርሷ ይኼ ያለ ነገር ነው፣ ብዙ ሰው ያጋጥመዋል አለች። እኔ ግን አለቀስኩ። ሰው ያየኛል ብዬ ፊቴን አልሸፈንኩም። ጉልበቱም አልነበረኝም።

ደወሉን ደወልኩ። ምን እንደምፈልግ ስትጠይቀኝ ጠፋኝ። "ትንሽ ተቀመጪ" አልኳት። ተቀመጠች።

ሰኔ 15

አትክልት ሻጯ ወጣች። ልጆቿ፣ የልጅ ልጆቿ፣ ጎረቤቶቿ ክፍሉን ሞልተው እየተንጫጩ ወሰዷት። በተሽከርካሪ ወንበር በአልጋዬ በኩል ስታልፍ አስቆመቻቸው። "በጸሎትሽ አስቢኝ" አለች። "ግን መጀመሪያ ለራስሽ። ባዶ ማሰሮ ለጎረቤት አይቀዳም።"

አልጋዋ ሲያዩት ገና የተኛችበት ይመስላል። ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ከፋኝ።

ሐምሌ 6

ምራቴ ቤት ነኝ። ሳሎኑን ለኔ ለቀቁልኝ። ልጄ ከመንገድ ገባ። በር ላይ ቆሞ አየኝ፤ ከዚያ አልጋው ላይ ተቀመጠና ብርድ ልብሱን በመዳፉ ዳበሰ፤ እግሬ የነበረበትን ቦታ። እዚያ ጋ ብርድ ልብሱ ጠፍጣፋ ነው። መዳፉን አላነሣም። "እማዬ፣ ለምን አልጠራሽንም?" አለ። ስድሳ ኩንታል ጭኖ ገደል ለገደል የሚነዳ ልጅ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

በኔ ላይ የደረሰው በኔ ብቻ የደረሰ መስሎኝ ነበር።

ሐምሌ 13

ጠያቂዎች ማኅበር መጣ። እኔን ሊጠይቅ! በየቤቱ ስመራቸው የነበሩት ልጆች ተሰልፈው ገቡ። ፊታቸው ላይ ፍርሃት አለ። ፈተና የተቀመጡ ይመስላሉ። አንዷ አንሶላዬን እንድትቀይር ተገፋች። ወደ ጎን አዞረችኝ፣ አሮጌውን ጠቀለለች፣ አዲሱን አስገባች፣ መለሰችኝ። ማዕዘኑን ስታጥፍ ገለበጠችው። ምላሴን ነከስኩ።

"ልክ ነው፣ እትዬ?" አለችኝ።

"ሞቆኛል" አልኳት። "ሞቆኛል፣ ልጄ። ተባረኪ።"

ከሄዱ በኋላ ማዕዘኑ ተፈታ። በተፈታው አንሶላ ላይ ተኛሁ። ሰው አይሞትም በሱ።

ሐምሌ 20

ቅዳሜ።

ሲመሽ እሱን አሰብኩት። "እግርሽን ስጪኝ።" ለምን እንደዚያ ይል ነበር? "ጥፍርሽን ልቁረጥልሽ" ብሎኝ አያውቅም። "ልርዳሽ" ብሎኝ አያውቅም። ጎንበስ ብሎ ከታች ተቀምጦ እጁን ዘርግቶ... ይለምነኝ ነበር። ሰጪዋ እኔ እንድመስል። እኔም እየሰጠሁት ነበር የሚመስለኝ! ዕድሜ ልኬን ከማንም አልወሰድኩም ስል፣ በየቅዳሜው ስወስድ ኖሬያለሁ። አውቆኛል ለካ። እጄን መዘርጋት እንደማልችል አውቆ እሱ ዘረጋልኝ።

ላመሰግነው ፈለግሁ። የት አገኘዋለሁ?

ጌታም እንደዚያ ቆይቶኝ ይሆን? ልቤን ስጪኝ እያለ... እኔ ደግሞ ሰጠሁት እያልኩ፣ ሁልጊዜ የሚያነሣኝ እሱ ሆኖ ሳለ? ጸጋ ያልሠሩበት ነው ሲሉ ስንት ጊዜ ሰማሁ፤ ራሴን እየነቀነቅሁ ደግሞ ለመሥራት ወጣሁ። ዛሬ "እርዳኝ" አልኩት። አንድ ጊዜ ብቻ። በቂ መሰለኝ።

ምራቴ ግን የባለቤቴን ቃል አታውቅም። ፎጣዋን መልሼባታለሁና ደግማ አትጠይቀኝም። ማብሰሉንም፣ ማጽዳቱንም ታደርጋለች፤ ገላዬን ግን ቁስሌን ልታሽግ ወደ ቤት የምትመጣው ነርስ እስክትደርስ ትጠብቃለች። ፎጣውን ለነርሷ አቀብላ ከክፍሉ ትወጣለች። ቀልዷም ቀንሷል። እዚህ ቤት እጅ የሌላት አሁንም እሷው ናት። እኔ ነኝ የቆረጥኩት።

ሐምሌ 27

ዛሬ ልናገር ብዬ ነበር። "ውሃ አቀብዪኝ" ብቻ አልኩ። ብርጭቆው እጄ የሚደርስበት ቦታ ነበር። አየችው። አየችኝ። አነሣችና ሰጠችኝ። ጠጣሁ። አልጠማኝም ነበር።

ነሐሴ 4

ቅዳሜ። ሲዘንብ ዋለ።

ጠዋት ልጄን ከአሮጌው ቤት በርጩማውን እንዲያመጣልኝ ለመንኩት። "ምን ያደርግልሻል?" አለ። አምጣልኝ አልኩት። ዝናብ ነክቶት መጣ። ምራቴ ጠረገችው። "አጭር ነው፣ ለድንክ ነው የተሠራው?" አለች። ያቺ ድምጿ ትንሽ ተመለሰች።

ሲመሽ ልጄ ወጣ። እሷ ልብስ እያጠፈች ነበር፤ ሃሳቧ ሌላ ጋ ስለነበረ ማዕዘኑ ሁሉ ተንጋዷል። ትኩር ብዬ አይቼ ዝም አልኩ።

"የቀረው እግሬ" አልኩ። "ጥፍሩ አድጓል። አልደርስበትም። አይታየኝም።"

ቀና አለች።

"እባክሽ እጠቢልኝና ቁረጪልኝ።"

ልብሱ ከእጇ ወደቀ። አላነሣችውም። ሳፋ አመጣች፣ ማንቆርቆሪያ አመጣች፣ ቀዳች። በርጩማውን ፊቴ አስቀምጣ ተቀመጠችበት። ጉልበቷ ደረቷ ጋ ደረሰ። እኔ ግን እግሬን ሳላነሣ ቆየሁ። እንፋሎቱን አየሁ። ያን ሌላውን እግሬን አስታወስኩ።

"አስቀድመሽ ንኪልኝ" አልኩ። "እኔ አላውቀውም።"

እጇን ነከረች። ፈጥና አወጣችው። "ይፋጃል፣ እማማ። ይፋጃል!" ቀዝቃዛ ጨመረች። ደግማ ነካች። ጨመረች። ደግማ ነካች። እንባዋ ውሃው ውስጥ ይንጠባጠባል። ውጭ ዝናቡ አላባራም።

"አሁን ደህና ነው" አለች።

እግሬን ሰጠኋት።